ካሜራ ያንቀጠቀጡት ጋሽ ቆይማ
ከመድረክ ቀልደኞች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ማኅበራችን በመሥራች አባሉ፣ ሕዝብ «ጋሽ ቆይማ» እያለ በሚጠራቸው አንጋፋ ቀልደኛና ተዋናይ ድንገተኛ ሞት እጅግ አዝኗል። የሥራ አመራር ኮሚቴው ይህን መግለጫ ለማርቀቅ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሁለቱንም ጊዜ እርሳቸው የተናገሩትን እያስታወሰ በሳቅ ተበትኗል። ስለ መዘግየታችን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ጥፋቱ ግን የሟቹ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ጋሽ ቆይማ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት የመጀመሪያ ሥራቸውን አቀረቡ። ማይክራፎኑ ይጮሃል፣ አስተናጋጆች ብርጭቆ ይሰበስባሉ። እርሳቸው «ቆይማ» ብለው ጀመሩ፤ ስማቸውም በዚያው ጸና። ከሙሉ አዳራሽ መካከል የማይስቀውን አንድ ሰው ፈልገው ቀልዱን ሁሉ ለእርሱ መስጠት ልማዳቸው ነበር። የሚስቅ ሰው ራሱን ችሏል ይሉ ነበር። ያ ሰው ሳይስቅ ከመድረክ ስለማይወርዱ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ተራ የያዝን አባላት ስንት ቀን ሳንሠራ ወደ ቤታችን ተመልሰናል።

በ2003 ዓ.ም. ወደ ፊልም ሲሻገሩ ማኅበሩ ቅር መሰኘቱን አንደብቅም። ጥሎን ሄደ ብለን አምተናቸዋል። እርሳቸውን የገጠማቸው ግን ከሐሜታችን የባሰ ነበር፤ ቀረጻ ላይ ማንም አይስቅም። ጋሽ ቆይማ የድርሻቸውን ተናግረው ሳቁን ይጠብቃሉ። አብራቸው የምትተውነው ወጣት ደግሞ ቃል የጠፋባቸው እየመሰላት ታንሾካሹክላቸዋለች። በዚያ ሰሞን ቤት ሲገቡ፣ ሰው እንደሚወደው በምን አውቃለሁ፣ ልተወው ነው ይሉ እንደነበር ባለቤታቸው ነግረውናል።

እንዳይተዉት ያደረጓቸው አንድ የካሜራ ባለሙያ ናቸው። ባልደረቦቻቸው «አለቱ» ይሏቸዋል፤ ሲስቁ ያየ የለም። ጋሽ ቆይማ የሚፈልጉትን ሰው አገኙ። ከዚያ ወዲህ በሠሯቸው ፊልሞች፣ በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ድራማም የተወኑት ለአለቱ ነው። ሕዝቡ በየቤቱ ሆዱን ይዞ ሲንከተከት፣ አለቱ ወይ ፍንክች። የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት በተቀበሉበት ምሽት ሳይቀር፣ ዋንጫውን ታቅፈው አለቱ ፈገግ ብለው እንደሆነ ይጠይቁን ነበር።

ባለፈው ወር የድራማው የመጨረሻ ክፍል ተቀረጸ። ጋሽ ቆይማ የታመመ አባት ሆነው ተኝተዋል፤ ልጆቻቸው አልጋው ግርጌ ቆመው ንብረት ይከፋፈላሉ። ቤቱ ለታላቁ፣ መኪናው ለታናሿ ሲባል፣ ሕመምተኛው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ቆይማ፤ እኔስ ለማን ደረስኩ?» አሉ። ይህ በጽሑፉ ላይ አልነበረም። ካሜራው ተንቀጠቀጠ። አለቱ በላዩ ተደፍተው እየተንፈቀፈቁ እንባቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጉ ነበር። ዳይሬክተሩ ይደገም ሲሉ ጋሽ ቆይማ አልጋው ላይ ቆመው፣ በሕይወት እያለሁ አይደገምም አሉ። በሳምንቱ በተኙበት አረፉ።

ጣቢያው ምስሉ የጥራት ደረጃውን ስለማያሟላ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አለቱም ሙያዬን አሰድቤያለሁ፣ ይውጣልኝ ብለው ለመኑ። ነገሩ የጋሽ ቆይማ ባለቤት ዘንድ ሲደርስ፣ «ዕድሜውን ሙሉ የለፋው ለዚች ነው። ሌላውን ቁረጡት፤ እሷን እንዳትነኩብኝ» አሉ። ጣቢያው ተስማምቷል። እኛም ይህን ስንሰማ፣ ያን ጊዜ ስላማናቸው አፍረን፣ ደግሞም ደስ ብሎን አልቅሰናል።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በተለይም ለአለቱ መጽናናትን ይመኛል።

ክፍሉ የፊታችን እሑድ ምሽት ይተላለፋል። ወደ መጨረሻው ላይ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ተመልካቾች ቴሌቪዥናቸውን እንዳይመቱ በትሕትና እናሳስባለን። ችግሩ ከጣቢያውም ከመሣሪያውም አይደለም። ሰው እየሳቀ ነው።