ባዶ ያልኩት ካዝና

ቅዳሜ፣ ጥር 5

ዛሬ ባንክ ጠራኝ። እኔን! … የካዝናቸው በር አልቆለፍ ብሏቸው ነው። ሠፈራችን ባንክ ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ገንዘብ ያዥ ናት። "አጎቴ፣ ዛሬ እንኳ ሰው መስለህ ና" ብላኝ ነበር። ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ሄድኩ። አላወቀችኝም መሰለኝ።

ደንበኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጀመርኩ። በሩ እንደ ሟች አማቴ ነው፤ ካልፈለገ ንቅንቅ የለም። ውስጡ ባዶ ነው። የሥራው ደንብ እንደዚያ ነው፤ ቁልፍ ሠሪ ከመምጣቱ በፊት ገንዘቡ በመኪና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ሙሉ ካዝና ፊት ቁልፍ ሠሪ ማን ያቆማል? እኔም አላቆምም። ጭንቅላቴን አስገብቼ "ቤቶች!" ብዬ ተጣራሁ። የመለሰልኝ የራሴው ድምፅ ነው። የእህቴ ልጅ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ምላሱን የሚገፋው ሞላ ደክሟል። ቁልፉን እንዳለ ፈትቼ ይዤው መጣሁ፤ ቤት እሠራዋለሁ።

ስመለስ ፀጉር ቤት ጎራ አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ ገና ሳልቀመጥ፣ "እህ፣ ቁልፌ! የባንኩን ሆድ ዕቃ አየህ አሉ?" አለኝ። (ሠፈሩ ቁልፌ ነው የሚለኝ።)

"አየሁ እንጂ። ባዶ! ቤቶች ብዬ ብጣራ የራሴ ድምፅ መለሰልኝ። አንዲት አይጥ ብቻ ቁጭ ብላ ወለድ ትጠብቃለች።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጫማ ሰፊው ፊቱ ሙሉ ሳሙና ሆኖ ሲስቅ አረፋው መስተዋቱ ላይ ተረጨ። ጥሩ ቀን ነበር።

እሑድ፣ ጥር 6

ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ በታተንኩት። አዲስ ሞላ መሥራት ሊኖርብኝ ነው። ጫማ ሰፊው በደጄ አለፈ፤ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ እየተጣደፈ። ምን ነካው?

ሰኞ፣ ጥር 7

በጠዋት በሩን ስከፍት ዳቦ ጋጋሪዋ ቆማለች። ዱቄቱ ክንዷ ላይ ነው።

"ቁልፌ፣ እውነት ነው?"

"የቱ?"

"ካዝናውን ባዶ አየሁት ያልከው።"

ሳቅኩ። ምነው ባልሳቅኩ። "ማየቱንስ አይቻለሁ፣ ግን እኮ…" ስል መንገዱን ተሻግራለች።

ልቤ አልወደደውም። ወደ ባንኩ ወረድኩ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ፣ የመድኃኒት ቤቱን ደጃፍ አልፎ፣ ጥጉ ላይ ታጥፏል። ሁሉም የቁጠባ ደብተሩን ይዟል። ጫማ ሰፊው ከፊት ነው። ሲያየኝ ከሰልፉ ሳይወጣ እጁን ዘረጋልኝ።

"ወንድሜ፣ ባትነግረን ኖሮ አልቀን ነበር። እግዜር ይስጥህ!"

ጨበጥኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥር 8

በምሳ ሰዓት የእህቴ ልጅ መጣች። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

"አጎቴ፣ ምን ብለህ ነው ያወራኸው?"

"ቀልድ እኮ ነው… እነሱም ያውቁኛል…"

"ቀልድህ ያመጣውን ልንገርህ? በማይቆለፍ ካዝና ገንዘብ አያድርም። ስለዚህ የቀኑን ያህል ብቻ ጠዋት በመኪና ይመጣልናል፣ ማታ ይመለሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይተርፋል። ትናንት ግን ምሳ ሳይደርስ አለቀ። መስኮቱን ስዘጋ ምን አሉኝ? 'አጎትሽ እውነቱን ነው!'"

"ታዲያ የቀረው ገንዘባቸው የት ሄደ?" አልኳት። የሞኝ ጥያቄ መሆኑን ፊቷ ላይ አየሁ።

"የዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃ ሆኗል። የጫማ ሰፊው ማሽን ሆኗል። አበድረነዋል፣ አጎቴ! እኛ ዘንድ ተጋድሞ የሚውል መሰለህ? ሥራ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሁሉም ባንድ ቀን አሁኑኑ አምጡ ካሉ ግን የትኛውም ባንክ አይችለውም።"

ዕድሜ ልኬን ካዝና ስጠግን ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። በር እንጂ ባንክ አላውቅም ለካ።

"ቤት ለቤት እየዞርኩ ደብተር ያስከፈትኳቸው እኔ ነኝ" አለች። "ከፍራሽ ሥር ያስወጣሁት ገንዘብ ነው። ቅርንጫፉ ቢዘጋ በማን ነው የሚፈርዱት? በባንኩ? በኔ ነው።"

በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። "ቁልፉን ጨርስልኝ። ሌላ ምንም አታድርግልኝ። ምንም አትናገር።"

አስችሎኝ ነው? ማምሻውን ፀጉር ቤት ሄድኩ። "ስሙኝ፣ ገንዘቡን ያወጡት እኔ ልሠራ ስለሆነ ነው፤ ደንብ ነው" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "አሁን ደግሞ ሞልቷል በለና!" "አይጧስ፣ ወለዷ ደረሰላት?" አንዱ ብቻ ሳይስቅ ጠየቀኝ፤ "ባዶ አይተሃል፣ አላየህም?" አይቻለሁ፣ ግን… "በቃ!" አለ፣ ባርኔጣውን አንስቶ።

እንዲህ ተስቆልኝም አያውቅ። እንዲህ አፍሬም አላውቅ።

ረቡዕ፣ ጥር 9

ሞላው ተሰበረ። አግዬው ዘይት ውስጥ ስነክረው ቸኮልኩ። መልሼ ልጠመዝዘው ስል ቀጭ! … እንደ ደረቅ ጭራሮ። እንደገና ከመጀመሪያው።

ዳቦ ለመግዛት ወጣሁ። በእህቴ ልጅ ቃል ልሁን ብዬ ትንፍሽ አላልኩም፤ ሂሳብ ሰጠሁ፣ ዳቦዬን ተቀበልኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ (እንዴት ያለ ሹክሹክታ ነው፣ እስከ መንገዱ ይሰማል!) "አየሽው? ቁልፌ ዝም ብሏል። ነገሩ የባሰ ነው" አለች።

ብናገር ጥፋት፣ ዝም ብል ጥፋት። ምን ልሁን?

ተከትላኝም ወጣች። "ባንኩ ከወደቀ ምድጃዬን ይነቅሉብኛል?" አለችኝ። እንባዋ ቀርቧል። አላውቅም አልኳት። ዳቦው አልበላ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 10

ተሳካ። ቁልፉን በጨርቅ ጠቅልዬ በሰልፉ መሃል አለፍኩ። ከትናንቱ ረዝሟል። ብሎን ሁለቴ ጣልኩ፤ ሁለቴም የእህቴ ልጅ አነሳችልኝ። ገባ። ዞረ። ቆለፈ።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለች። መኪናው ዛሬ ብዙ ይዞ ይመጣል፣ ያድራልም። ግን እስኪደርስ? መስኮቱ ያለውን ጨርሷል። ውጭ በር መደብደብ ጀምረዋል።

"ውጣና እንደ ድሮህ ሁን" አለችኝ የእህቴ ልጅ።

"ዝም በል አላልሽኝም?"

"ዝም ስትል ትብሳለህ።"

ወጣሁ። "ምነው ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት? ገንዘቡ እንዳይበርደው ነው?" አልኳቸው አንዱን ሽማግሌ። ፈገግ ያለ የለም። ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ ከሁሉም ትልቋ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ለመሆኑ አንተ እዚህ ስንት አለህ?"

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ምን ልበል? የኔ ገንዘብ ጠረጴዛዬ ሥር፣ በሚስማር ጣሳ ውስጥ ነው። ለእህቴ ልጅ ደብተር ያልከፈተላት ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

"ምንም የለኝም፣ እትዬ።"

"ለምን?"

"ቁልፍ ሠሪ ነኛ። የማይከፈት በር አይቼ ስለማላውቅ ማንንም አላምንም።"

ጉርምርምታው እንደ ማዕበል ተነሣ። ገደልኳት አልኩ በልቤ፣ የእህቴን ልጅ ገደልኳት።

"ካዝናውስ?" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

"እኔ ሳየው ባዶ ነበር። ጠርገው ያወጡት እኔ ስለምመጣ ነው። እነሱም እኔን አያምኑኝማ!"

ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "ደግ አደረጉ!" አሉ። "ዓይነ ውኃህን አይቶ ማን ያምንሃል! እኔም ብሆን ማንኪያ ሳይቀር ነበር የምደብቀው!" ሳቁ ወደ ኋላ፣ እስከ ጥጉ ድረስ ሄደ። እየተቀባበሉ አወሩት፤ "ከቁልፌ ሸሽገውት ነው አሉ!" አንዳንዱ ደብተሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ብዙው ግን ቆመ። መኪናው ሲደርስም ቆሞ ነበር። ለጠየቀ ሁሉ ተከፈለ።

ሮጬ ጣሳዬን ላምጣ አልኳት የእህቴን ልጅ። "ዛሬ አይሆንም" አለች። "ዛሬ ብታስገባ ቲያትር ነው የሚሉት። ሰልፍ የሌለ ቀን ና።"

ዓርብ፣ ጥር 11

ሰልፉ መድኃኒት ቤቱ ጋ አልደረሰም።

ሰኞ፣ ጥር 14

ዳቦ ጋጋሪዋ ገንዘቧን ወደ ባንኩ መለሰች። "ፍራሹ ሥር አድርጌው ሌሊቱን ሙሉ ይቆረቁረኛል" አለች። ጫማ ሰፊው አልመለሰም፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው የእህቴን ልጅ ሲጠይቋት ዋሉ። እንዴት ሆነ ብላት፣ "እንጃ" ብቻ። … እንጃ ስትል እናቷን ነው የምትመስለው። የከፋት ለት እናቷም እንዲያ ነበረች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ጠዋት ፀጉር ቤት ነበርኩ። "እህ ቁልፌ፣ ካዝናው እንዴት ነው?" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። ቤቱ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። እንዴት ያለ ቀልድ መጥቶልኝ ነበር! … "ጆሮዬ ጋ አሳጥረው" አልኩት።

ጣሳዬን በብብቴ ይዤ ባንክ ገባሁ። ሰው የለም። ሥራ አስኪያጇን ብቻ በር ላይ አገኘኋት፤ የብድር ክፍሉን ኃላፊነት ለእህቴ ልጅ ሊሰጡ አስበው ለሌላ መስጠታቸውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ልጅቷ አልነገረችኝም። ሥራዋ ላይ ናት፣ ተመስገን። ግን በኔ ምላስ ነው የቀረባት። ጣሳው ከበደኝ።

መስኮቷ ፊት ቆምኩ። ቅጹን አወጣች፤ ቀና አላለችም።

"ሥራዎ?"

እርስዎ! አንገቷን አቅፌ ያሳደግኳት ልጅ። ስንት መልስ ምላሴ ላይ ተሰለፈ። ሁሉንም ዋጥኩት።

"ቁልፍ ሠሪ።"

ጻፈች። ጠበቀች። "ሌላ የሚሉት የለም?"

"የለም።"

ጣሳውን ሳብ አደረገች። ከገንዘቡ ጋር የመጡትን ሚስማሮች ለቅማ ወደኔ መለሰችልኝ። ከዚያ በወንበሯ ወደ ኋላ፣ ወደ ካዝናው ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ቤቶች!" አለች።

"አቤት" አልኩ።