ሊኑክስ ልጫን አልጫን ለምትለው ለአላምረው

አላምረው፣

ለየኔታ ልዑልቃል የአርባ ቀን ተዝካር ወደ ዛሪማ ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ትናንት ስለጮኽኩብህ ይቅርታ። ቀስ ብዬ ብናገርም ነገሩ ያው ነበር።

ዊንዶውሱን አጥፍተህ ሊኑክስ ለመጫን ከኅዳር ጀምሮ ቴሌግራሙንም፣ ጠላ ቤቱንም፣ ጭራሽ የንስሐ አባትህንም አማክረሃል። እሳቸውም «ልጄ፣ ይኸ ነገር የጾም ነው የፍስክ?» አሉህ አሉ። ላፕቶፑ የጋራችን ሆኖ ሳለ ምነው እኔን መጠየቁ ብቻ ከበደህ?

የኔታ ቅኔ ሲዘርፉ የቀዳሁት ድምፅ ያለው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ባለፈው «ማጽዳት እችላለሁ» ብለህ የእህትህን የሰርግ ፎቶ ጠራርገህ አጠፋኸው። እህትህ እንደገና ብትዳር ትዳራለች፤ የኔታ ግን ተመልሰው አይዘርፉልኝም።

ፍላሽ ገዝቼ እመጣለሁ። ድምፁን ከገለበጥኩ በኋላ የፈለግኸውን ጫን።

ቻርጀሩን ይዤው ሄጃለሁ። ባትሪው ግማሽ አለው፤ አንተ ሳትወስን ያልቃል።

አወቀ