በሰያፍ የተቆረጠው ጎሚኒ

ሐሙስ፣ ጥር 14

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ዘግቼህ ዛሬ ስጽፍልህ «ምን ነካው?» እንደምትል አውቃለሁ። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። እኔም አለሁ፣ ቅናት እየጠበሰኝ።

ፋብሪካው ውስጥ አብረን የደከምንበትን የፓምፓችንን ነገር መቼም አትረሳውም። አሸዋ በነካው ቁጥር ውሃ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ይበላና ውሃ ያፈሳል። አምና አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ሰብስባን፣ «ችግራችንን ለውጭ ሰው እናሳይ፤ መፍትሔው ሌላ ደጅ ሊሆን ይችላል» አለች። ገመናችንን አደባባይ ልታወጣው ነው ብዬ አጉረመረምኩ። ማን ሰምቶኝ! ከዩኒቨርሲቲ መጡ፣ ፓምፕ ጠጋኞች መጡ፣ በመጨረሻ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ አንድ ሰውዬ መጣ። እግር! የጎማን ጠባይ ግን ከእኔ በላይ ያውቃል። ወርክሾፑ በሙሉ በቀልዱ ይንከተከታል። ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሲቀመጥ «ተነስ» ያለው የለም።

የሙከራ ደብተራችንን ሲጠይቀኝ «ጠፍቷል» አልኩት። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አራት ወር ሙሉ እኛ በወደቅንበት ሁሉ ተራ በተራ ሲወድቅ አየሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን የተሰነጠቀ ጎሚኒ ይዞ መጥቶ አጠገቤ ዘጭ አለ። «ጋሼ፣ ደከመኝ። ይሄን ፓምፕ እንደ እርስዎ የሚያውቀው የለም። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?»

መሳቢያውን ከፈትኩ። ደብተሩን ሲያይ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ይሄ ደግሞ የባሰ አሳረረኝ።

ሠላሳ አንደኛው ሙከራ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ጠርዙ በሰያፍ ይቆረጥ» ይላል፤ በቀይ ተሰርዟል።

«ይሄስ ምን ሆኖ ወደቀ?»

«አልተሞከረም።»

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የወንድሜ ነው» አልኩት። ማን እንደሰረዘው አልጠየቀኝም። አንተ ግን «ማን አማከረህ?» ብዬ እየጮህኩብህ የሰረዝኩበትን ቀን አልረሳኸውም።

በእሱ ጎማ፣ ባንተ አቆራረጥ ተሠራ። ጠጋኞቹ አሸዋማ ጉድጓድ ላይ ሁለት ወር ፈተኑት፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። አሁን አራት ፋብሪካዎች ተባብረው ሊያመርቱት ነው። በየስብሰባው የሚነሳው ያንተ ስም ነው፤ የኔ የሚነሳው የመጋዘን ቁልፍ ሲጠፋ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ተመልሰህ አብረሃቸው እንድትሠራ ልትጽፍልህ ነው። የሷ ሳይደርስህ የኔ ይቅደም ብዬ ነው። ከልቤ ደስ ብሎኛል ብልህ እዋሽሃለሁ። አልመጣም ብትልም አልፈርድብህም። ግን መስኮቱ ጋ፣ ብርሃን በደንብ የሚገባበት ቦታ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ አስጠግቻለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ተይዟል» እላለሁ።

እጅህ ይባረክ፣ መንገድህ ይቅና።

ታላቅህ