ለእታለም፣ ለቁራኛዬ

እታለም፣

በጊደር መጋላ ገበያ የሚወራብኝን ከሌላ አፍ ከመስማትሽ በፊት ላርመው። «አሮጊቷ ደግሞ አበደች፤ ወህኒ ቤት ሄዳ በሰንሰለት እሰሩኝ አለች» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ወህኒ ቤት ሄጃለሁ፤ እሰሩኝም ብያለሁ። አላበድሁም። አባታችን ዳዊት ሲያስደግመን አንድ ቃል ብንስት ከመጀመሪያው ያስጀምረን ነበር። እኔም ይህን ወሬ ከመጀመሪያው ላስጀምረው።

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። በቤቱ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ጣሪያው በአንቺ መኝታ በኩል ያፈሳል። የወንድማችን ሚስት ግን መምጣት ትታለች፤ ምክንያቱን ልንገርሽ። ገላሽን ስናጥብ አንዲት ለቀስተኛ የግራ እጅሽን አንጓ አይታ ጠባሳው ምን እንደሆነ ጠየቀች። የወንድማችን ሚስት ቀደም ብላ «እሳት ነው፤ ልጅ ሆና ተቃጥላ» አለች። እዚያው በአስከሬንሽ ፊት አረምኋት። የእሳት አይደለም፣ የብረት ነው፤ እኔ አብጄ በታሰርሁ ጊዜ ከእኔ ጋር የታሰረችበት ነው አልሁ። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ወዲህ በደጄ አታልፍም።

ልጄን በቀበርሁ በሳምንቱ የባሌን ጎተራ እንዳቃጠልሁ ሰዎች ነገሩኝ እንጂ እኔ አላስታውሰውም። በሴቶች እስር ቤት ከግንድ ጋር አሰሩኝ። ከግንዱ የምፈታው ከዘመዶቼ አንዱ ቁራኛ ሆኖ፣ እጁን ከእጄ ጋር አሳስሮ ሌትም ቀንም የጠበቀኝ እንደሆነ ብቻ ነበር። ወንድማችን ለጠየቀው ሁሉ «ወደ ሸዋ ተመልሳለች» ይል ነበር። አንቺ መጥተሽ ግራ እጅሽን ሰጠሽ።

ዛሬ «በጸበል ዳነች» ይላሉ። ጸበል አልንቅም። ነገር ግን የረጩኝ ሰዎች ረጭተው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር፤ ከእርጥብ ቀሚሴ አጠገብ የምታድሪው አንቺ ነበርሽ። ስጎትትሽ ብረቱ አንጓሽን በላው። አልመታሽኝም፣ አልሰበክሽኝም። «አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ የኔም እጅ እኮ ነው» ትይኝ ነበር።

ከዚያ እንዝርትና ባዘቶ አስመጣሽ። ለመፍተል ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ለአንቺ ቀኝሽ፣ ለእኔ ግራዬ ቀርቶ ነበር። ባዘቶውን እጄ ላይ አኑረሽ እንዝርቱን አሾርሽ። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠልሽው፤ ደግሞ ተበጠሰ። ሆን ብዬ እጄን እጨብጥብሽ ነበር። ብዙ ቀን እንዲህ ሆነን ከረምን። አንድ ጠዋት ክሩ በሁለታችን ጭን ላይ ሳይበጠስ አለፈ፤ እኔም «ወፍራም ነው» አልሁ። ከታመምሁ ወዲህ የተናገርሁት የመጀመሪያው የጤና ቃል ነቀፋ ነበር። ሳቅሽ እስካሁን ይሰማኛል። «መጣች! ነቃፊዋ እህቴ መጣች!» ብለሽ ጠባቂዋን ጠራሻት።

ለዚህ ማን አመሰገነሽ? የእብዷ እህት ተብለሽ ሳታገቢ ቀረሽ። በተዝካርሽ ቀን እንኳ የተመሰገነው ድግሱን የደገሰው ወንድማችን ነው።

አሁን ወደ ወሬው ልመለስ። ከሶፊ የመጣች ሐሊማ የምትባል ልጅ እዚያው እኔ በታሰርሁበት ክፍል ታስራ ትገኛለች። ሕፃኗ ሞቶባት የአማቷን የማሽላ ክምር አቃጠለች። ቁራኛ የሚሆናት ዘመድ ስለጠፋ ከግንድ ጋር ናት። ለእስረኞች እንጀራ ይዤ ስሄድ አየኋት። መብላት ትታለች፤ እንዲህ ከቆየች አትከርምም። ቋንቋዋን በቅጡ አልችልም፤ እንዝርት ሳሳያት ግን ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ።

የወህኒውን አለቃ እኔ ቁራኛዋ ልሁን አልሁት። «እማማ፣ እርስዎ? መጦር በሚገባዎ ዕድሜ?» ብሎ ሳቀ። «ከግንዱ እሻላለሁ፤ ግንድ አያወራም» አልሁት። መሳቁን ትቶ ዋስ እንዳመጣ አዘዘኝ። ወንድማችን ዘንድ ሄድሁ። «ስማችንን ደግመሽ ልታዋርጂው ነው?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። በጀጎል ጥጥ የሚሸጡልኝ ሐጂ ዑስማን ግን ነገሬን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁም። «ወላሂ፣ እኔ እገባልዎታለሁ» አሉኝ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላም ሄደው ዋስ ሆኑኝ።

የአንቺ ትዕግሥት የለኝም። ክሯ ቢወፍር እናገራለሁ። ያንቺን አንጓ ግን እስክሞት አልረሳም፤ ማንም የእሳት ነው ቢል በቆመበት አርመዋለሁ።

ነገ ጎሕ ሲቀድ መጀመሪያ የእጄን አንጓ በጨርቅ እጠቀልላለሁ፤ ለአንቺ ይህን የነገረሽ አልነበረም። ከዚያ ባዘቶና እንዝርት በሙዳይ ከትቼ ቤቱን እቆልፋለሁ። በወንድማችን ደጅ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቀስ ብዬ አልፋለሁ። ከዚያም ወህኒው በር ደርሼ፣ ገና ብረት የማያውቀውን ግራ እጄን እሰጣለሁ።