የባለቤቴን ስም ከአረፋችሁ ላይ ስለ ማንሣት

ለክቡር አቶ ኢስሐቅ ተስፋማርያም
የሰንበሌጥ ማዕድን አክሲዮን ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤንነትዎ ያለኝን አሳቢነት እየገለጽሁ፣ በተለይ ልብዎ እንዴት እንደሰነበተ ለመጠየቅ እወዳለሁ። ልብዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በድርጅትዎ ሠራተኞች ላይ ልብን በድንገት የሚያደክም በሽታ እንደገባ ከራስዎ መግለጫ ስለተረዳሁ፣ ወደ ቦሌው ቢሮዎ ሽቅብ እንዳይወጣብዎ ሰግቼ ነው።

እኔ ገንዘቤ ሉቃስ እባላለሁ። እዚሁ ቦሌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ምዕራብ ባለው የመዳብ ፋብሪካዎ የማንሳፈፊያ ክፍል ኃላፊ የነበረው የኢንጂነር ዋቅቶላ ሚስት ነበርሁ፤ ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ፣ በላኩልኝ ካርድ ላይ እንደተጻፈው፣ "የክብር እንግዳ" ሆኛለሁ። ካርዱ በወርቅ ቀለም የታተመ፣ ዓይን የሚማርክ ነው። የፊታችን ሰኞ በአንድ የቦሌ ሆቴል አዳራሽ ተገኝቼ፣ በሟች ባለቤቴ ስም "የዋቅቶላ ዘዴ" ተብሎ የተሰየመውን የተሻሻለ አሠራር እንድመርቅ፣ መድረኩ ላይ የሚቀመጥልኝንም ቀይ ቁልፍ ተጭኜ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ቆሞ የነበረውን ፋብሪካ በርቀት እንዳስነሣ ይጠይቀኛል። ጉዳዩ በአደባባይ የሚመረቅ ስለሆነ፣ መልሴም በአደባባይ ቢሆን ነውር የለውም ብዬ ይህን ጻፍሁ።

እርስዎ የሚያውቁትን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ዋቅቶላ ለእኔ ያስረዳኝ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ኦሞ በጥብጦ ነበር። የተፈጨው ድንጋይ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ይበጠበጣል፤ ከሥር አየር ይነፋበታል። መዳብ ያለበት ብናኝ አረፋው ላይ እየተለጠፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይገፈፋል። የቀረው ይዘቅጣል። ከመዳቡ ጋር ተደባልቆ ሊወጣ የሚፈልገውን ብረት ያለበትን ድንጋይ ለማስቀረት ጥቂት ሳያናይድ ይጨመራል። ሳያናይድ መርዝ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ውስጥ በቂ ኖራ እስካለ ድረስ ውሃው ውስጥ ተኝቶ ሥራውን ይሠራል። ኖራው ሲያንስ ውሃው ይኮመጥጣል፤ መርዙም ጋዝ ሆኖ ይነሣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ በአንድ ክፍለ ጊዜ ገብቷቸዋል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ "ማሻሻል" ስለሚለው ግስ። ማሻሻል ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ምንን? ለማን? የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። እርስዎ ያሻሻሉት ኖራውን በግማሽ በመቀነስ ነው፤ የጭነት መኪና ኪራይ ከበደ ተብሎ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው አይደል? ዋቅቶላም ማሻሻያ ነበረው እኮ! ድንጋዩ ይበልጥ ይድቀቅ፣ የአየሩ አነፋፈስ ይስተካከል፣ አረፋው ትንንሽና ብዙ ይሁን፣ ያኔ መዳቡ ራሱ ይወጣል ባይ ነበር። ጊዜ የሚፈጅ፣ ለሪባን የማይመች ማሻሻያ ስለሆነ ሰሚ አላገኘም። ኖራው አይቀነስ ብሎ በስብሰባ ላይ ስለ ተከራከረም፣ በዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይ ወደ መድረክ ጠርተው አንድ ከረጢት ኖራ፣ በቀይ ሪባን አሳምረው፣ "ኖራ ስለምትወድ ኮንዶሚኒየምህን ቀባበት" ብለው ሸለሙት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ አሉ። እሱም ስቋል። ከረጢቱን በታክሲ ይዞ ቤት ሲገባ ግን እራት አልበላም። የመቀባት ፍላጎት ስለሌለን ሽልማቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ ለሰኞው ገንዳ ቢጨመር ከዲስኩሩ ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕክምና እውቀትዎ። መግለጫዎ ባለቤቴ "በድንገተኛ የልብ ድካም" እንደሞተ ይናገራል። እሱን ከማንሳፈፊያው አዳራሽ ጎትተው ሊያወጡ የገቡት ሊባኖስና መርሃዊ የተባሉት ሠራተኞች በሩ ላይ ተዝለፍልፈው መውደቃቸውን፣ ለመንቃትም ብዙ ሰዓት እንደ ፈጀባቸው ግን አይናገርም። የልብ ድካም እንዲህ በትንፋሽ የሚጋባ መሆኑን ለዓለም ማሳወቅ ሲገባዎ ለምን እንደደበቁ አልገባኝም። የጋዙ ማስጠንቀቂያ ደወልም ከማሻሻያው ወዲህ ነጋ ጠባ እየጮኸ ሠራተኛ ስለ ረበሸ እንዲዘጋ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። አሁን ተከፍቶ "ደኅንነት ይቅደም" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ቢሆንም መጮኹ ደግ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መርዶ።

ማንሳፈፊያው አዳራሽ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ፣ በምሳ ሰዓት የምደውለው ለጥበቃ ቤቱ ስልክ ነበር። የሚያነሡት አቶ ገብረእዝጊ የተባሉ ትሑት ሰው ናቸው። ሠራተኛው አዳራሹን አረፋ ቤት ብሎ ስለሚጠራው፣ እሳቸው ሁልጊዜ "ኢንጂነር አረፋ ቤት ናቸው" ይሉኛል፤ እኔም ሲወጣ ይደውልልኝ ብዬ እዘጋለሁ። ያን ቀን መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ሰውዬው እያለቀሱ ኖሯል፤ ጉንፋን መሰለኝ። "ኢንጂነር አረፉ" አሉኝ። እኔ የሰማሁት "አረፋ" ነው። እሺ፣ ሲወጣ ይደውልልኝ ብዬ ዘጋሁ።

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆች ካዕብና ራብዕ እንዳያምታቱ ስቆጣ የኖርሁ መምህርት ነኝ። ባሌን በፉ እና በፋ መካከል ጣልሁት። ምሳዬን በላሁ። ከሰዓት በኋላ ድርሰት አረምሁ፤ ከባልደረቦቼ ጋር ስቄም ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ ከመገናኛ የካ አባዶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን ስከፍት፣ የድርጅትዎ ቴሌግራም ላይ የባሌ ፎቶ፣ ከጎኑ ሻማ፣ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" የሚል አየሁ። እኛ የወንጌል አማኞች እንዲህ እንደማንል ሊያውቁ አይገደዱም። ግን ቢሮዎ ከጠዋት ጀምሮ ያውቅ ነበር። በዚህ አገር ድሃም ሆነ ሀብታም መርዶውን የሚሰማው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ደጁን አንኳኩተው፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው። እኔን የደገፈችኝ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ናት፤ እዚያው መሐል መንገድ ላይ "አንቺ ልጅ፣ ምን ሆንሽ?" ብላ አቀፈችኝ። ቦሌ ቢሮ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይህን ያህል ሰውነት ያለው አንድ ሰው ጠፋ?

አራተኛ፣ ስለ ስሙ። ዋቅቶላ በአባቱ ቋንቋ የፈጣሪን ደግነት የሚናገር ስም ነው። አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት መርዝ የሚነሣበት ገንዳ ይጠራበታል ብለው አልነበረም። ሰውየው በሕይወት ሳለ እምቢ ያለውን፣ ከሞተ በኋላ እሺ እንዳለ አድርጎ መፈረም በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ከሰኞ በኋላ አንድ ሰው እዚያ ቢወድቅ፣ ልጆቹ የሚረግሙት የባሌን ስም ነው። ይህን አልችልም። ተናድጃለሁ፤ በጨዋ አማርኛ የምጽፈው ንዴቴ ስላነሰ አይደለም።

ስለዚህ ቁልፉን አልጫንም። የማሳስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን ከዘዴው ላይ ያንሡ፤ ኖራውን ወደ ቀድሞው መጠን ይመልሱ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከቻሉ ስሙ እዚያው ይቅር፣ ኖራውን ይመልሱ። እሱም ቢሆን የሚመርጠው ይህንኑ ነበር።

መሪነትዎ እንዲረዝም፣ መስኮትዎም ንጹሕ አየር እንዳያጣ በመመኘት፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ጎንበስ ሳልል፣

ገንዘቤ ሉቃስ
የዋቅቶላ ሚስት፣ የካ አባዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለወደፊት ማሻሻያዎችዎ ስም እንዳያጥርዎ፣ ሰኞ ቁልፉ ሲጫን አረፋ ቤት ውስጥ የሚገኙትን የፈረቃ ሠራተኞች ስም ለቅሶ ሲመጡ ጠይቄ በፈቃዳቸው እነሆ፦ መርሃዊ፣ ሊባኖስ፣ ኢዮስያስ፣ ረሆቦት። ረሆቦት ነፍሰ ጡር መሆኗን ለአስተዳደሩ አሳውቃለች። ስለዚህ ለእርሷ ሁለት ዘዴ ያዘጋጁ፤ ለሁለተኛው ግን ስም ገና አልወጣለትም።