ያለ ሳሙና አረፋ የሚደፍቀው ውሃ

ልጄ፣ የሆዴ ፍሬ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የረገጥሽው ምድር ሁሉ ይመችሽ።

ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ ጻፍኩት። በማታው ትምህርት ቤት እንደ እኔ የሚጽፍ የለም፤ አስተማሪው ራሱ ከእኔ ነው የሚኮርጀው። እሺ፣ አይኮርጅም፤ ግን አንድ ቀን እርሳሴን ተውሷል።

የቧንቧችንን ውሃ ታስታውሽ የለ? ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንደ ኖራ የሚጋገረው፣ ሳሙና ብንጨርስበት አረፋ የሚነፍገን? አሁን ያለ ሳሙናም አረፋ ይደፍቃል። «የውሃ ክፍል ሰዎች ሳሙናውንም በቧንቧ ላኩልን» ብዬ ሰፈሩን አሳቅኩት። ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን ብቻ አልሳቀም። በመዳፉ ተቀብሎ አሸተተና፣ «እትዬ፣ ሊጠጡት ቀርቶ እግርዎንም አይታጠቡበት» አለኝ። በማግስቱ ሚስቱንና ልጆቹን አማቶቹ ዘንድ ላከ። ያኔ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

አንቺ ግን አታስቢ። አባትሽ ከሜዳው ማዶ ካለው ጉድጓድ በየማለዳው ጄሪካን በብስክሌት ጭኖ ያመጣልናል። ጉልበቱን ብታዪው ጎረምሳ ነው የምትዪው!

እዚያ ውሃ የሚመረምር የተማረ ሰው ካገኘሽ፣ አረፋው ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እንጀራሽ ይባረክ።

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ አባትሽ በብስክሌት ውሃ ያመጣል ያልኩሽን ግን ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አባትሽ ሆዱን ይዞ ከተኛ ሰነበተ፤ የቀመሰው ሁሉ አይረጋለትም። ጉድጓዱ ለእግሬ ሩቅ ነው፤ ዛሬም የቀዳሁለት ከቧንቧው ነው። እኔ የተማርኩት ፊደል እንጂ ብስክሌት አይደለም። ነይልኝ፣ ልጄ።