በሸንተረሩ ላይ የተጠራው ስም

ውድ አብተው፣

ዘንድሮም ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰከላ ሄጄ ሸንተረሩን ወጣሁት። የዘንድሮው ለየት የሚለው ብቻዬን አለመሆኔ ነው፤ እናትህን ይዤ ወጣሁ። ኧረ እንዲያውም እሳቸው ናቸው ይዘውኝ የወጡት።

ታስታውስ እንደሆነ የቡሬ ጓደኞችህ "ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው ተራራ ለተራራ የሚዞረው?" እያሉ ያሾፉብህ ነበር። ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ስታገኝ ሌላው ባሕር ዳር ሄዶ ሐይቅ ዳር ሲዝናና፣ አንተ እኔን ከፍኖተ ሰላም ጎትተህ ጭቃ ታስረግጠኛለህ። በበጋ እንውጣ ስልህ እሺ አትልም። አለቱ በዝናብ ሲታጠብ፣ ጓሳው ሲለመልም፣ ጉሙ ከእግርህ ሥር ሲያልፍ ያላየ ሰው ተራራ አየሁ እንዳይል ባይ ነህ። እኔ ተራራ መውጣት ወድጄ አላውቅም፤ የምወደው አንተን ነበር። ይህን አንድም ቀን አልነገርኩህም።

ያን ዕለት እንደ ኮርቻ ጎበጥ ካለው ቦታ ስንደርስ ደከመኝና ቁጭ አልኩ። "ጫፉን ነክቼ መጣሁ" ብለኸኝ አለቱን በእጅም በእግርም እየቧጠጥክ ወጣህ። ወዲያው ጉሙ መጣ። ሲገለጥ አንተ አልነበርክም። የአገሩ ገበሬ ሥራውን ጥሎ ገደሉን በገመድ እየወረደ ፈተሸው፤ ቆብህ እንኳን አልተገኘም። ከሥር ያለው ወንዝ በክረምት የወሰደውን አይመልስም አሉኝ።

ይኸው ሦስተኛ ክረምት። ለቅሶ አልተቀመጥንልህም። አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን ሲያገኙኝ "እግዜር ያጽናሽ" ማለቱም ይከብዳቸዋል፣ "እንዴት ነው ባለቤትሽ" ማለቱም አይሆንላቸው፣ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል። ባለትዳርም አይደለሁም፣ መበለትም አይደለሁም። በነቀምቴ መንገድ የሚመላለስ አንድ ሹፌር "እሱን የሚመስል ሰው አየሁ" ብሎ ለእናትህ ከነገራቸው ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ሞት የሚል ቃል በቤታቸው አይነሳም።

መቼም ፍትሐት የሚደረሰው በክርስትና ስም መሆኑን አንተ ታውቃለህ። አብተው ብሎ የሚፈታ ቄስ የለም። እናንተ ቤት ደግሞ የክርስትና ስም ለሚስት እንኳን አይነገርም፤ ክፉ ሰው ይሠራበታል ትላላችሁ። ሠርጋችን በማዘጋጃ ቤት ስለነበር ከካህን አፍም አልሰማሁት። ስጠይቅህ "ስታረጂ እነግርሻለሁ" እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

አባ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ሄጄ አልቅሻለሁ። የንስሐ አባትህ ናቸውና ስምህን ያውቁታል። "ልጄ፣ አስከሬን የለ፣ የቀበረ የለ" አሉኝ። "እናቱ ሞቷል ብላ በአፏ ስሙን ካልሰጠችኝ፣ ወይ እሷ የወከለችው ካልሰጠኝ፣ እንዴት ብዬ ልፍታው?" ከእሳቸው ወጥቼ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። "ኧረ እማማ፣ ስሙን ይስጡና ነፍሱ ትረፍ" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ስም ሰጥቼ ልጄን አልገድልም" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ስነዘንዛቸው ኖርኩ። ባለፈው ክረምት የሆነውን ባልነግራቸው ኖሮ ዘንድሮም እንደዚያው ነበርን። ስትቀድመኝ ከእግርህ ሥር ጠጠር ሲንከባለል "ድንጋይ" እያልክ ታስጠነቅቀኝ አልነበር? ባለፈው ክረምት ብቻዬን አለቱን ስወጣ ከበላዬ ጠጠር ይንከባለላል። ቆም ስል ይቆማል፤ ስንቀሳቀስ ይጀምራል። ዝንጀሮ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ዝንጀሮ ግን ሰው ሲቆም አይጠብቅም። ፈራሁ፤ ግን ልንገርህ፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ይህን ስነግራቸው እናትህ የሚፈትሉበትን እንዝርት አስቀመጡ። በኋላ "ሰው ነው ወይስ ነፍስ?" ብለው ጠየቁኝ።

"እኔ ምኑን አውቄ፣ እማማ።"

"እንግዲያ ወጥቼ እጠራዋለሁ። በዚያ ስም እናቱ ጠርታው ዝም የሚል ልጅ የለም። ካለ ይመጣል።"

በማግስቱ ወጣን። ካፊያ ነበር። አለቱ ሥር ስንደርስ የኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው በመቀነታቸው ሸጎጡና በባዶ እግራቸው ይቧጥጡ ጀመር። ለእሳቸው የፈራሁት እኔ ነኝ ወደ ኋላ የቀረሁት። እስከ ዛሬ ተራራ መውደዱን ከየት አመጣኸው ስል ነበር፤ ያን ዕለት ገባኝ። ጉሙ ሲውጠን ከበላያችን ጠጠር ተንከባለለ። እጄን ያዙኝ።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

እናትህ ተነስተው ቆሙና ስምህን ጠሩ። የገበያ ጥሪ አልነበረም፤ ልጅ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱ ነበር የሚመስሉት። ደግመው ጠሩ። ሠለሱ። ጠጠሩ ቆመ። እኛም ቆመን ጠበቅን፤ ነጠላቸው በስብሶ ውሃ እስኪያንጠባጥብ ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ስንወርድም ከኋላችን አንዲት ጠጠር እንኳን አልወደቀችም።

ኮርቻው ላይ ሲደርሱ ተቀመጡና ጫማቸውን እያጠለቁ "ሰምተሻል አይደል ስሙን?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲህ ለአባ አንቺ ስጫቸው። እኔ በዚህ አፌ ጠርቼዋለሁ፤ በዚሁ አፌ አልቀብረውም።" እሺ ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ዘንድ ቀረብኩ። የመጣሁበትን ስለሚያውቁ ጆሯቸውን ሰጡኝ። ያን ሁሉ ዘመን ስሙን ይስጡ እያልኩ አሮጊት ሳስለቅስ የኖርኩት ሴት፣ አፌ ተያዘ። ስምህ እምላሴ ላይ ነበር። እሱን ካልተነፈስኩት አንተ አሁንም ጫፉን ነክተህ እየመጣህ ነው። እናትህ ለምን እንደከለከሉኝ እዚያው ቆሜ ገባኝ። "ይቆየኝ፣ አባ" አልኳቸው። "ይቆይ ልጄ፤ ፍልሰታ ሳይገባ ግን ነይ" አሉኝ።

ስምህን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም። ማታ ማታ ግን ብቻዬን ስሆን ቀስ ብዬ እጠራሃለሁ፤ እናትህ እንደጠሩህ አድርጌ። ሦስት ዓመት አብሬህ ስኖር ያልጠራሁህን ስም አሁን ጠግቤ ልጥራህ ብዬ ነው።

ፍልሰታ ሐሙስ ይገባል። ረቡዕ ጠዋት ሄጄ ለአባ እነግራቸዋለሁ፤ ለእናትህ ቃል ገብቻለሁ፣ ለአንተም ይኸው እገባለሁ። ነፍስህን እዚያ ብርድ ላይ ማስቆም አልፈልግም። እስከዚያ የምትመጣ ከሆነ ግን ና። የግቢውን በር አልቆልፈውም።

እስከ ረቡዕ ሚስትህ፣
ፋና
ፍኖተ ሰላም